ከጉሮሮ ሕመም እስከ ልብ ምት፦ የሰውነት ዘቦች ወዳጅን ከጠላት ሳይለዩ ሲቀሩ

የሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ቢመታ፥ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ይህንም ሥራ ባለቤቱ ሳያዘውና ሳይቈጣጠረው፥ በእንቅልፍም ሆነ በንቃት ሳያቋርጥ ይፈጽመዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ልቡን የሚያስበው ምቱ የተዛባበት ዕለት ነው። በዚህ ወር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ የወደድነው፥ ይህ ምት ከሚዛባባቸው መንገዶች አንዱን ነው። መንገዱ የሚጀምረው በልብ ውስጥ ሳይሆን በጉሮሮ ውስጥ ነው፤ የሚጀምርበትም ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለው የትምህርት ዘመን ነው።

በሽታው ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ ሕመም ያለባቸው ሲሆን፥ በየዓመቱም 360,000 ያህል ሰዎች ይሞቱበታል። በበለጸጉት አገሮች በሽታው እጅግ ብርቅ ሆኗል። በአገራችን ግን ዛሬም ሕፃናትንና ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ በሽታዎች በዋናነት የሚቈጠር ነው። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ታትሞ የወጣ ጥናት፥ በአዲስ አበባ ከተመረመሩት ተማሪዎች መካከል ከ1,000ው ከ6 የሚበልጡት ሕመሙ እንደ ተገኘባቸው አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ በአልትራሳውንድ የተደረጉት ምርመራዎች ደግሞ በማዳመጫ መሣሪያ የማይሰማ ብዙ ሕመም ተሰውሮ እንደሚኖር አሳይተዋል። እንግዲህ 1,000 ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት፥ የልባቸው መጎዳት ለራሳቸውም ለወላጆቻቸውም ሳይታወቅ በየወንበሩ ተቀምጠው የሚማሩ ጥቂት ልጆች ይኖራሉ ብሎ ማሰብ ማጋነን አይደለም።

ጉርድ ሾላን ለምሳሌ እንውሰድ። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለው ይህ ሰፈር በስሙ የተቈረጠ የሾላ ዛፍን ያስታውሳል። ዛሬ ግን ሕንፃ ከሕንፃ የተያያዘበት፥ ከ2015 ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር መሥመር የተዘረጋበት ሰፈር ሆኗል። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንም መሥሪያ ቤቱ በዚሁ ነው። ሯጮቻችን በሰኮንድ ክፍልፋይ በሚለካ ጊዜ የአገራቸውን ስም ያስጠሩበት ሥራ ከሚመራበት ሰፈር፥ አንድ ተማሪ አንድ ደረጃ ወጥቶ ትንፋሽ ሲያጥረው «ሰነፍ» ተብሎ ቢታለፍ ነገሩ የሚያሳዝን ይሆናል። ምናልባት ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ልቡ ታሞ ይሆናል።

የሰውነት ዘቦች

ሰውነታችን እንደ አንድ ከተማ የራሱ ዘቦች አሉት። እነርሱም የደም ነጭ ሕዋሳት የሚባሉት ናቸው። ቀንና ሌሊት በደምና በሥጋ ውስጥ እየተዘዋወሩ፥ የገባው ነገር የቤት ወይስ የባዕድ መሆኑን ይመረምራሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ፥ ማክሮፋጅ የሚባሉት፥ ባክቴሪያንና የሞተ ሥጋን ውጠው ይፈጫሉ። ሌሎቹ፥ ሊምፎሳይት የሚባሉት፥ የጠላትን መልክ ለይተው ያስታውሳሉ፤ ከእነርሱም ወገን በጠላት ላይ የሚጣበቀው አንቲቦዲ የሚባለው መከላከያ ይዘጋጃል።

ዘቦቹን በሥራ ላይ ካዩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ኢልያ ሜችኒኮፍ ነበር። በ1882 በሲሲልያ ደሴት በምትገኘው በመሲና ከተማ ሳለ፥ ሰውነቱ እንደ መስተዋት የሚያሳይ አንድ ትንሽ የባሕር ፍጥረት ወስዶ እሾኽ ወጋበት። በማግሥቱ በማጉያ መነጽር ሲመለከት፥ ሕዋሳት ከየአቅጣጫው መጥተው እሾኹን ከበውት አገኘ። ስለዚህም ምርምሩ በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ዘቦቹ የሚኖሩት በቍስል ዙሪያ ብቻ አይደለም። በጤናማ ልብ ውስጥም ማክሮፋጆች ይኖራሉ። በ2017 የታተመ ምርምር እንዳሳየው፥ እነዚህ ሕዋሳት በልብ ላይኛውና ታችኛው ክፍል መካከል የኤሌክትሪክ መልእክት በሚተላለፍበት ስፍራ ተሰብስበው፥ ከልብ ሥጋ ሕዋሳት ጋር ተያይዘው መልእክቱ በጊዜው እንዲያልፍ ያግዛሉ። በአይጦች ላይ እነዚህ ሕዋሳት እንዲጠፉ ሲደረግ መልእክቱ እየዘገየና እየተቋረጠ የልባቸው ምት ተዛብቷል። እንግዲህ ዘቡ የከተማው ጠባቂ ብቻ ሳይሆን፥ የሰዓት ደወሉንም ከሚደውሉት አንዱ ነው ማለት ነው።

ሆኖም የሚጠብቅ ኀይል ሁሉ ሲሳሳት ይጎዳል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ማክሮፋጆች ስብ እየዋጡ በዚያው ተከማችተው መንገዱን ሲያጠቡት ይታያል። በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የሚደርሰው ስሕተት ግን ሌላ ዐይነት ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እርሱ ነው።

ስሕተቱ እንዴት ይደርሳል?

የጉሮሮ ሕመም ከሚያመጡት ተሐዋስያን አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ልብስ በተሠራበት ፕሮቲን ውስጥ፥ በሰው ልብ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር በመልክ የሚቀራረብ ክፍል ይገኛል። ሌባ የቤተ ዘመድ ልብስ ለብሶ ቢገባ፥ ዘቡ ልብሱን አይቶ ሌባውን ለመያዝ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ የመሰለ ልብስ የለበሰውን ባለቤቱንም መደብደብ ይጀምራል። የሚሆነውም ይኸው ነው። በጉሮሮ ውስጥ ጠላቱን የተማረው ሊምፎሳይት፥ ጉሮሮው ከዳነ በኋላ ያንኑ መልክ በልብ ላይ ሲያገኝ ጠላት መስሎት ይዘምትበታል።

ይህም ሁሉ ወዲያው አይደለም። ከጉሮሮው ሕመም በኋላ 2 ወይም 3 ሳምንት ያህል በጸጥታ ያልፋል፤ ልጁም ድኖ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ ጉልበት፥ ቍርጭምጭሚት፥ ክርን፥ የእጅ አንጓ ያብጣል፤ ሕመሙም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ነው። በየቤቱ ግን «ብርድ መትቶት ነው»፥ «ቍርጥማት ነው» እየተባለ ይታለፋል። መገጣጠሚያዎቹም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠባሳ ሳይተዉ ስለሚድኑ፥ ቤተ ሰቡ የተናገረው እውነት ይመስለዋል። በልብ ላይ የቀረው ቍስል ግን እንዲህ በቀላሉ የሚድን አይደለም።

በ1904 ሉድቪግ አሾፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም፥ በዚህ በሽታ በሞቱ ሰዎች የልብ ሥጋ ውስጥ በማጉያ መነጽር ብቻ የሚታዩ ጥቃቅን እባጮችን አግኝቶ ገለጸ። ዛሬ እንደሚታወቀው እነዚህ እባጮች በአብዛኛው በአንድነት የተከማቹ ማክሮፋጆች ናቸው። ስለዚህ በልብ ውስጥ የተገኘው የተሐዋስያን ሠፈር ሳይሆን የገዛ ዘቦች ሠፈር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ከሚገባው በላይ እንዳይሰጋ አንድ ነገር እንጨምራለን። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ በራሱም ጊዜ ይድናል። በስትሬፕቶኮከስ ከተያዙትም ልጆች ወደ ሩማቲክ ትኩሳት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚለይ ምልክት የለም። ደግሞም አንድ ጊዜ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ባክቴሪያው በተመለሰ ቍጥር የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ በየጊዜውም የልቡ ጠባሳ ይጨምራል።

የልብ በሮች

ልብ አራት ክፍሎች ያሉት ቤት ሲሆን፥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ አራት በሮች አሉት። እነዚህም ቫልቭ ይባላሉ። ሩማቲክ ትኩሳት ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለውን ሚትራል የሚባለውን በር ነው። በሩ መጀመሪያ ያብጣል፤ በኋላም ይወፍራል፥ ይጠነክራል፥ ጠርዙ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የዚህን ጊዜ ወይ በሚገባ አይከፈትም፥ ወይ በሚገባ አይዘጋም፥ ወይም ሁለቱም ይደርስበታል። የማይገጥም በር ከነፋስ ጋር ሲንገጫገጭ እንደሚሰማ፥ ሐኪሙም በማዳመጫ መሣሪያው በምቱ መካከል ሊኖር የማይገባውን ድምፅ ይሰማል።

ብዙ ሰው ይህን ጉዳት ለዓመታት ሳያውቀው ይኖራል። ከዚያ በኋላ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥራል፤ ያለ ብዙ ትራስ መተኛት ያቅተዋል፤ እግሩም ያብጣል። በሩ የጠበበበት የልብ ክፍል እየሰፋ ሲሄድ ምቱ ሥርዐቱን ያጣል፤ ደምም በዚያው ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ወጣቱን ሰው አካለ ስንኩል ያደርገዋል። በሴቶች ላይ ደግሞ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በእርግዝና ወራት ነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፥ የጠበበው በር ይህን ሁሉ ማሳለፍ ይሳነዋል። በ10 ዓመቷ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በ25 ዓመቷ በወሊድ አልጋ ላይ ሊገድላት ይችላል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተጎዳውን በር ማስፋት፥ መጠገን ወይም መለወጥ ይቻላል። በአገራችን ይህን ሥራ ለመጀመር ብዙ የደከሙት ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርን በ1989 መሠረቱ፤ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማእከል ተከፈተ። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አገር ተልከው ብቻ ይታከሙ የነበሩ ልጆች በአገራቸው ለመታከም በቁ። ሆኖም የልብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ተራ የሚጠብቀው ሕፃን ቍጥር ሁልጊዜም ከሚታከመው ይበልጣል። ለሺህ ልጆች የሚሆን ፔኒሲሊን ግን በቀላሉ ይገኛል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የጠፋው ምት

የዘቦቹ ስሕተት በልብ ላይ ብቻ አይቀርም። በአንዳንድ ልጆች አንቲቦዲው በአንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚመጥኑትን ሕዋሳት ይነካል። ቶማስ ሲደንሃም የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1686 ይህን ሕመም ገልጾ ስለ ጻፈ በስሙ የሲደንሃም ኮሬያ ይባላል፤ ኮሬያም በግሪክ ቋንቋ ጭፈራ ማለት ነው። የመምህራንን ልዩ ትኩረት የምንለምነው በዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ምልክት ከሐኪም በፊት የሚያየው መምህር ነውና።

ጊዜን ጠብቆ መንቀሳቀስ ለሰው ልጅ ታላቅ ስጦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አቋቋም ሲያስተምሩ፥ ተማሪው ከበሮውን፥ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ከዜማው ጋር ማስማማቱን በጆሯቸው ይመዝናሉ፤ ከብዙ ድምፅ መካከል የዘገየችውን አንዲት ጸናጽል ለይተው ያውቃሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1998 በበርሚንግሃም በቤት ውስጥ ውድድር 2,000 ሜትር በክብረ ወሰን ሲሮጥ፥ እርምጃውን በስታዲየሙ ይሰማ ከነበረው ዘፈን ምት ጋር አስማምቶ እንደ ነበር ይነገራል።

ሳይንስም ይህን ችሎታ የሚመዝንበት መንገድ አለው። ተመርማሪው እኩል በሆነ የጊዜ ልዩነት የሚሰማውን «ቀጭ ቀጭ» እያዳመጠ በጣቱ ጠረጴዛ ይመታል፤ መሣሪያውም እያንዳንዱ ምት ከድምፁ ምን ያህል እንደ ቀደመ ወይም እንደ ዘገየ በሺኛ ሰኮንድ ይለካል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ይቋረጥና ተመርማሪው ያንኑ ፍጥነት ከልቡ እንዲቀጥል ይደረጋል። በዚህም አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታውቋል። አብዛኛው ሰው የሚመታው ድምፁን ሰምቶ ሳይሆን በጥቂት መቶኛ ሰኮንድ ቀድሞ ነው። አንጎል ድምፁ የሚመጣበትን ጊዜ አስቀድሞ ያሰላዋል ማለት ነው። ይህን ስሌት ከሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ደግሞ የዘቦቹ ስሕተት በኮሬያ ጊዜ የሚያጠቃው ያው ክፍል ነው።

ስለዚህ ኮሬያ የያዘው ልጅ እጁ ሳያዘው ይወራጫል፤ ፊቱ ይቀጫጨማል፤ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ልጆችን ያዘወትራል። ከጉሮሮው ሕመም ከ1 እስከ 6 ወር በኋላ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ የጉሮሮውን ነገር የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ሲተኙ ይጠፋል፤ ሲጨነቁ ይብሳል። ልጅቱም ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፥ ትቈጣለች። እንግዲህ በቤት «ዛር ነው»፥ «ልክፍት ነው»፥ በትምህርት ቤት ደግሞ «ረባሽ ሆናለች» ይባላል። ለታመመች ልጅ ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም። ወደ ጠበል የሚወስዱ ወላጆችን አንነቅፍም፤ ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ አይደሉምና። የምንለምነው ወደ ሐኪም መውሰዱ እንዳይቀር ብቻ ነው። የእጁ መወራጨት በጥቂት ወራት በራሱ ሊተው ይችላል፤ ሲተው ግን በልብ ላይ ያለው ጉዳት አብሮ ተወ ማለት አይደለም።

መምህር ምን ይመልከት?

መምህር ሐኪም እንዲሆን አንጠይቅም። ነገር ግን ልጁን በየቀኑ የሚያየው፥ ትናንት የጻፈውን ዛሬ ከጻፈው ጋር ሊያስተያይ የሚችል ሰው እርሱ ነው። የሚከተሉትን ልብ ቢል እንወዳለን።

1ኛ. ጽሕፈት፦ የነበረው መልካም የእጅ ጽሕፈት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲበላሽ፥ መሥመር ሲስትና ፊደሉ ሲሰባበር፥ ከመቅጣት በፊት የድሮውን ደብተር አውጥቶ ማስተያየት።

2ኛ. የእጅ አያያዝ፦ ልጁ የመምህሩን ሁለት ጣት ጨብጦ እንዲቈይ ቢጠየቅ፥ ኮሬያ ያለበት ልጅ ጭብጡ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል፤ ላም የሚያልብ ይመስላል። ምላሱን አውጥቶ እንዲያቈይ ቢጠየቅም ማቈየት አይሆንለትም። ሁለቱም ሐኪሞች የሚያደርጓቸው ምርመራዎች ናቸው።

3ኛ. ጭብጨባ፦ በመዝሙርና በስፖርት ሰዓት ልጆች እኩል ሲያጨበጭቡ ወይም በእኩል እርምጃ ሲሄዱ፥ ከዚህ በፊት ምቱን ይጠብቅ የነበረ፥ አሁን ግን የሳተ ልጅ መኖሩን መመልከት። ይህ ለመመልከት የሚረዳ አጋጣሚ እንጂ በሽታን የሚያረጋግጥ ምርመራ እንዳልሆነ አጥብቀን እንናገራለን። ከተፈጥሮው ምት መጠበቅ የማይሆንለት ጤናማ ሰው አለ፤ ትንንሽ ልጆችም ችሎታው የሚጠነክርላቸው በዕድሜ ነው። ስለዚህ ልጁን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከትናንትናው ከራሱ ጋር ማመዛዘን ያስፈልጋል።

4ኛ. ትንፋሽና መገጣጠሚያ፦ ከእኩዮቹ ጋር ይሮጥ የነበረ ልጅ ዳር ይዞ መቀመጥ ከጀመረ፥ ደረጃ ሲወጣ ካረፈ፥ ወይም ጉልበቱን ካመመው በኋላ ሕመሙ ወደ ክርኑ ከተዛወረ ለወላጆቹ መንገር።

5ኛ. የቀሩበት ምክንያት፦ ልጁ በጉሮሮ ሕመም የቀረ እንደ ሆነ በስም ጥሪው መዝገብ ላይ ማስታወሻ መያዝ። ከአንድ ወር በኋላ ሐኪሙ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልሱ ይህች ማስታወሻ ልትሆን ትችላለች።

ከእነዚህ አንዱ የታየበትን ልጅ ወላጆቹን ጠርቶ፥ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ማስረዳት ይበቃል። ቃሉ የሚያስደነግጥ መሆን የለበትም። «ልብዎን አይጣሉት፤ ግን ዛሬ ሳይመሽ ያስመርምሩት» ማለት ከረጅም ንግግር ይሻላል።

መድኃኒቱና የቀን ቈጠራው

የጉሮሮ ሕመም ድንገት ከጀመረ፥ ትኩሳት ካለው፥ ለመዋጥ ካስቸገረ፥ በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት ዕጢዎች አብጠው ሲነኳቸው ካመሙ፥ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን ከሌለ፥ ስትሬፕቶኮከስ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል። ሐኪሙ ባክቴሪያ ነው ካለ፥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም 10 ቀን ሙሉ የሚዋጥ መድኃኒት ያዝዛል። ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9ኛው ቀን ድረስ እንኳ ሕክምናው ቢጀመር ሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል። ስለዚህ ሦስት ቀን ዘገየን ብሎ መተው አይገባም። እንዲሁም ትኩሳቱ በ3ኛው ቀን ቢበርድ የቀረውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ጠላትን ሳይጨርሱ እንደ መመለስ ነው። በፔኒሲሊን ከዚህ በፊት ሰውነቱ የተቈጣ ሰው ካለ፥ ከመርፌው በፊት ለባለሙያው መንገር ግዴታው ነው።

ሩማቲክ ትኩሳት አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ደግሞ ሌላ ሥርዐት አለው። ባክቴሪያው እንዳይመለስ በየ4 ሳምንቱ፥ ሐኪም ሲያዝም በየ3 ሳምንቱ፥ መርፌውን መወጋት አለበት። ይህም ለዓመታት የሚቀጥል ነው፤ ልባቸው የተጎዳባቸው ሰዎች እስከ 40 ዓመት ዕድሜያቸውና ከዚያም በላይ ይወስዱታል።

በዚህ ላይ ከአገራችን የዘመን አቈጣጠር የተነሣ በቀላሉ የሚደርስ አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው «በየወሩ» የተባለውን «በየወሩ በዚያው ቀን» ብሎ ይተረጕመዋል፤ ለምሳሌ ጥቅምት 5 የተወጋ ኅዳር 5 ይመጣል። የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነው፤ 4 ሳምንት 28 ቀን ነው። የመድኃኒቱ ኀይል በሰውነት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ በየጊዜው 2 ቀን ያለ ጥበቃ ማደር ቀላል ነገር አይደለም። ነሐሴ 5 ተወግቶ መስከረም 5 የሚመጣ ሰው ደግሞ ጳጉሜን ስለምትጨመርበት ከዚያም የበለጠ ይዘገያል። ስለዚህ የወሩን ቍጥር ትቶ የሳምንቱን ቀን መያዝ ይሻላል። ማክሰኞ የተወጋ ልጅ በአራተኛው ማክሰኞ ይመለስ፤ በዓመት 13 መርፌ ይሆናል። መምህሩም እነዚያን ማክሰኞዎች ቢያውቅና ልጁን ከክፍል ያለ ጥያቄ ቢያሰናብተው፥ ከሕክምናው ድርሻ ይኖረዋል።

በቤትና በክፍል

ባክቴሪያው የሚተላለፈው በሳልና በንግግር ከአፍ በሚወጣ ጠብታ፥ ከሰው ወደ ሰው በቅርብ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚያድርበት ቤትና መስኮቱ የማይከፈት የተጨናነቀ ክፍል ይመቹታል። ሁሉ ሰው ሰፊ ቤት መከራየት አይችልም። መስኮት መክፈት፥ የልጆችን መኝታ ራስና ግርጌ አድርጎ ማራራቅ፥ ሲስሉ አፍን በክርን መሸፈን፥ በአንድ ኩባያ አለመጠጣት፥ እጅን በሳሙና መታጠብ ግን ገንዘብ ሳይሆን ልማድ ይጠይቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ፥ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ማስቈረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ነው። በጥፍር ወይም ባልጸዳ ስለት የሚደረገው ይህ ሥራ ደም ያፈሳል፤ ሌላ ተሐዋስያን ያስገባል፤ አንዳንዱንም ሕፃን ይገድላል። ስትሬፕቶኮከስን ግን አያጠፋውም። ስለዚህ ልጁ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በስለቱ፥ ሁለተኛ ጊዜ እናቱ ታክሟል ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ሳትወስደው በመቅረቷ።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2018 ሩማቲክ ትኩሳትንና እርሱ የሚያመጣውን የልብ ሕመም መከላከል የመንግሥታት ሁሉ ተግባር እንዲሆን ወስኗል። ይሁን እንጂ ውሳኔው የሚፈጸመው በጉባኤ አዳራሽ አይደለም። የሚፈጸመው «ጉሮሮዬን አመመኝ» ያለውን ልጅ አፉን ከፍተው በሚመለከቱ እናትና አባት፥ የተበላሸ ጽሕፈት አይቶ አለንጋ ከማንሣት ይልቅ በሚጠይቅ መምህር፥ በአራተኛው ማክሰኞ ያልመጣውን ልጅ ስም በመዝገብ ላይ በሚፈልግ የጤና ሠራተኛ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሕፃን ግን በሽታውን የሚደብቀው ዐውቆ ሳይሆን የሚጠይቀው ሰው ባለማግኘቱ ነው። እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፥ እንጠይቃቸው።